ክፍያው በማን ፊርማ ይለቀቅ? የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችና ሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ

ሚዛን (የክሩ ጀማሪ)

የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በአንድ ረቂቅ ላይ እየሠራሁ ሳለ የምወስነው ጠፍቶኝ ምክራችሁን ልጠይቅ መጥቻለሁ። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡሮችንና ጨቅላ ሕፃናትን በሚከታተሉበት አካባቢ፣ ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለእናቲቱ በየወሩ ገንዘብ የሚከፍል ፕሮግራም ሊጀመር ታስቧል። የእኔ ድርሻ ሁለቱ ሥራዎች በምን መንገድ እንደሚገናኙ መጻፍ ነው።

እስካሁን ያዘነበልኩት ሁሉንም በጤና ሠራተኛዋ እጅ ወደ ማድረግ ነው። ማን እንዳረገዘች ከማንም ቀድማ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ቤቱንም ታውቀዋለች፣ በየወሩም ትመላለሳለች። ስለዚህ ተጠቃሚዎችን እርሷ ትመዝግብ፣ የቅድመ ወሊድ ክትትሉና ክትባቱ በጊዜው መፈጸሙንም እርሷ ታረጋግጥ፣ ክፍያውም በፊርማዋ ይለቀቅ የሚል ሐሳብ ነው።

ለዚህ ያበቁኝ ሁለት ማስረጃዎች ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የመጀመሪያው ከ2012 እስከ 2014 በባንግላዴሽ ገጠር የተካሄደው ጥናት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ላላቸው ድሃ እናቶች በወር 1,500 ታካ እንዲከፈል ሲያደርጉ፣ ከፊሎቹ ገንዘቡን ብቻ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ገንዘቡን ከሥነ ምግብ ትምህርትና ከቤት ለቤት ጉብኝት ጋር አገኙ። ሁለቱ በተጣመሩበት ወገን የሕፃናት መቀንጨር በ7.3 የመቶኛ ነጥብ ሲቀንስ፣ ገንዘብ ብቻ በተሰጠበት ወገን በመቀንጨር ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሁለተኛው ማስረጃ ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠው የብራዚሉ ቦልሳ ፋሚሊያ ፕሮግራም ነው። ከ2003 ጀምሮ ድጋፉን ከልጆች ክትባትና ከእድገት ክትትል ጋር አስተሳስሮ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናትም ፕሮግራሙ በሰፊው በተዳረሰባቸው ማዘጋጃ ቤቶች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ17 በመቶ፣ በተለይ ከምግብ እጥረት የሚመጣው ሞት በ65 በመቶ፣ ከተቅማጥ የሚመጣው ደግሞ በ53 በመቶ መቀነሱን አስልቷል።

እንግዲህ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ የሚያፈሩ ከሆነ፣ በአንድ ሰው እጅ ማድረጉ ምን ክፋት አለው?

ከደጅ እስከ ደጅ

ሚዛን፣ ጥያቄውን ሳይረፍድ ስላነሡት አመሰግናለሁ፤ እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠየቀው ቅጹ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ለአሥራ አንድ ዓመት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት የሠራሁት እርስዎ ሊጽፉት ባሰቡት ዓይነት አሠራር ውስጥ ነው፤ ክፍያው የሚለቀቀው በእኔ ፊርማ ነበር። የፕሮግራሙን ስም መጥራት አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት በነበሩት ስምንት ዓመታት ቤት ስገባ የማየው ያለውን ነበር። እናቲቱ ክትባት እንዳለፋት ትነግረኛለች፤ ጡት ማጥባቱን በሦስተኛው ወር እንዳቆመች፣ ልጁን ለሦስት ቀን ተቅማጥ እንደያዘው፣ ባልየው ወደ ጤና ጣቢያ አትሄጂም እንዳላት ትነግረኛለች። ስለምትነግረኝም መፍትሔ እንፈልጋለን። ፊርማው በእጄ ከገባ በኋላ ግን በየቤቱ ሁሉም ነገር ደኅና ሆነ። ካርዱ ንጹሕ፣ ልጁ ጤነኛ፣ እናቲቱም «ምንም ችግር የለም» ባይ። መጀመሪያ ላይ ድጋፉ ሰዎቹን የለወጣቸው መስሎኝ ተደስቼ ነበር፤ የተለወጠው ግን የሚነገረኝ ነገር እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇ ከዘመድ ቤት እንዳለ ነግራኝ መለሰችኝ። በሳምንቱ ስመለስም ያው መልስ ነበር። ልጁ ግን ከጓዳ ነበር። ሁለት ክትትል አልፏት ስለነበር ክፍያው ይቋረጥብኛል ብላ ፈርታለች፤ ልጁ መክሳት የጀመረውም በዚያው ጊዜ ነው። በዘጠነኛው ቀን ጎረቤቷ ጠቁማኝ ገብቼ ክንዱን ስለካው መለኪያው ቀዩ ላይ አረፈ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከባድ የምግብ እጥረት ነበር ማለት ነው። ሕክምና ስለደረሰለት ድኗል። እናቲቱን ግን ስወቅሳት አልኖርኩም፤ በእርሷ ቦታ ብሆን እኔም ሳልደብቀው እቀር ነበር ብዬ መማል አልችልም።

ባንግላዴሽን ጠቅሰዋል። በዚያ ጥናት ያስተማሩትና ቤት ለቤት የሄዱት ሠራተኞች ዋና ሥራቸው ስለ ሥነ ምግብ መምከር ነበር። እርስዎ ያጣመሩት ገንዘብንና ምክርን ሳይሆን ገንዘብንና ቁጥጥርን ነው።

ጥሬ ሐቅ

የእኔ ጥያቄ ከዚህም ይብሳል፤ ለመሆኑ ለገንዘቡ ጤና ሠራተኛዋ ምን ታስፈልገዋለች? ድሃ ሰው የጎደለውን ያውቃል። በኬንያ ሲያያ አውራጃ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ከ10,000 በላይ ለሆኑ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ሰጥቷል። የተመራማሪዎቹ ቡድን የልደትና የሞት መረጃውን ሰብስቦ በ2025 ባወጣው ውጤት መሠረት፣ ገንዘቡን ባገኙት ቤተሰቦች ዘንድ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል፣ በትክክሉ በ48 በመቶ ቀንሷል። ማንም ቤት ለቤት ዞሮ አልመከረም፤ ማንም አልፈረመም። ለሠራተኞች፣ ለቅጽና ለሥልጠና የሚወጣው ሁሉ ለእናቲቱ ቢጨመርላት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ጡረተኛ ነርስ

ጥሬ ሐቅ፣ የጠቀሱትን ውጤት እኔም በአድናቆት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ግማሹን ትተውታል። ውጤቱ የጎላው ገንዘቡ ከወሊድ ጊዜ ጋር ለተገጣጠመላቸውና ሐኪም ያለበት የጤና ተቋም በቅርብ ለሚያገኙ እናቶች ነው። ገንዘቡ ሁለት ነገር አድርጓል። በአንድ በኩል እናቶች በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከከባድ ሥራ ጥቂት እንዲያርፉ አስችሏል፤ በሌላ በኩል በጤና ተቋም የሚወልዱትን አብዝቷል። ሐኪሙ ሩቅ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ግን ገንዘቡን የያዘችው እናት የምትሄድበት የላትም። ስለዚህ ይህ ጥናት የጤና አገልግሎት አያስፈልግም አይልም፤ ገንዘቡ እናቲቱን ወደ አገልግሎቱ እንደሚያደርሳት ነው ያሳየው።

ጊዜውም ነገር አለው። አንድ ሺህ ቀን እያልን የምንቆጥረው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያለውን ነው፤ ዘጠኙ ወር 270 ቀን፣ ሁለቱ ዓመት 730 ቀን። ከዚህ ውስጥ ሩብ የሚያህለው ልጁ ከመወለዱ በፊት ያልፋል። ድጋፍ የሚጀምረው የልደት ምስክር ወረቀት ሲቀርብ ከሆነ ያ ሩብ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። እርግዝናን በወቅቱ አውቆ እናቲቱን ወደ ድጋፉ የሚያመጣት ደግሞ ቢሮ የተቀመጠ ጸሐፊ ሊሆን አይችልም። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ነፍሰ ጡሮች ወደ እኛ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር ነበር፤ ቀድመው የመጡት ጤና ሠራተኛዋ ቤታቸው ሄዳ ያነጋገረቻቸው ናቸው።

እንዲያው በነገራችን ላይ፣ ከገንዘብ ብቻውን ሁሉን መጠበቅም ያስከፋል። በአሜሪካ በአራት ከተሞች አካባቢ አንድ ሺህ ድሃ እናቶች ከወለዱ ጀምሮ ከፊሎቹ በወር 333 ዶላር፣ የቀሩት 20 ዶላር እንዲያገኙ የተደረገበት ጥናት አለ። ልጆቹ አራት ዓመት ሲሞላቸው በቋንቋና በአስተሳሰብ መለኪያዎች በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። አንዳንዱ ይህን ይዞ «ገንዘብ አይጠቅምም» ብሎ ጮኸ። ለእኔ የሚያሳየኝ ሌላ ነው፤ የሚሞት ሕፃን በበዛበት ቦታ ገንዘብ የሚሠራው ሥራና የሕፃን ሞት እጅግ ባነሰበት ቦታ የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም፤ በአንዱ የተገኘውን መለኪያ በሌላው ላይ መጫን አይገባም።

ሚዛን

ከደጅ እስከ ደጅ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክፍያው በእርሷ ፊርማ ይለቀቅ ያልኩት አመቺ መስሎኝ ነበር፤ ከጓዳ ስለ ተደበቀው ልጅ ካነበብኩ በኋላ ግን እንደ ቀድሞው ልከራከርለት አልደፍርም። ሆኖም የብራዚሉ ነገር አልተመለሰልኝም። በዚያም ቅድመ ሁኔታ አለ፤ የሚከታተሉትም የጤና ቡድኖቹ ናቸው። ታዲያ ውጤቱ ለምን አማረ?

አንቀጽ

ወደ ብራዚል ከመሄዳችን በፊት ከሕግ ወገን አንድ ነገር ላንሣ፤ የጥቅም ግጭትን።

ሕንድ በ2005 ጃናኒ ሱራክሻ ዮጃና የተባለውን ፕሮግራም ስትጀምር፣ በጤና ተቋም ለምትወልድ እናት ገንዘብ እንዲሰጥ ደነገገች፤ በተቋም የሚወልዱት ጥቂት በሆኑባቸው ግዛቶች ገጠር ለእናቲቱ 1,400 ሩፒ ተመደበ። እናቲቱን ወደ ተቋሙ ለምታመጣው «አሻ» ለምትባለው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛም በዚያው ፕሮግራም 600 ሩፒ ተቆረጠላት። በተቋም የሚወልዱት እናቶች ቁጥር በፍጥነት ጨመረ፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን አንድ ሰው የሌላውን ሰው ውሳኔ እያማከረ ከዚያው ውሳኔ ገቢ የሚያገኝ ከሆነ ምክሩ ምክር ሆኖ የሚቀጥለው እስከ የት ነው? ቤት ውስጥ ካለች ሌላ ሕመምተኛ ይልቅ ክፍያ የሚያስገኘው ወሊድ ቢቀድምባት ልንፈርድባት እንችላለን?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች መመሪያ ይህንኑ ተመልክቶታል። ሠራተኞቹ ከሥራው ስፋትና ክብደት ጋር የሚመጣጠን ክፍያ እንዲያገኙ፣ መብትና ግዴታቸው በጽሑፍ ውል እንዲሰፍር፣ ክፍያቸውም ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በውጤት ማበረታቻ ላይ እንዳይመሠረት ይመክራል። በሕንድ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉት አሻዎች ግን በሕግ ፊት ዛሬም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ድርጅቱ በ2022 የሸለማቸውም በዚሁ ሁኔታ ላይ እያሉ ነው። ሽልማቱ ደመወዝ ሆኖ ቢመነዘር ምን ያህል እንደሚሆን እኔ አላውቅም።

ሁለተኛው ነጥቤ ሥልጣን እንዴት እንደሚንሸራተት ነው። በ2005 በተጀመረው የፔሩ ሁንቶስ ፕሮግራም እናቶች ልጆቻቸውን ለጤና ክትትልና ለትምህርት ቤት እንዲያደርሱ ብቻ ነበር የተጻፈው። በተግባር ግን በአንዳንድ ቦታዎች በሕጉ ያልተጻፉ ግዴታዎች ተጨማመሩባቸው፤ «ይህን ካላደረግሽ ክፍያሽ ይቋረጣል» እየተባሉ ያልተባለውን ሁሉ ሲሠሩ መገኘታቸውን አጥኚዎች መዝግበዋል። ያዘዟቸው ሰዎች ክፉዎች ሆነው አይመስለኝም። ማስፈራሪያ አንዴ በእጅ ከገባ ለመልካም ዓላማም ቢሆን መጠቀሙ አይቀርም፤ እናቲቱም የትኛው ትእዛዝ ከሕግ፣ የትኛው ከሰው እንደመጣ የምትለይበት መንገድ የላትም።

ደቡብ ነፋስ

የብራዚልን አሠራር ለረጅም ጊዜ ስከታተል ስለቆየሁ ለሚዛን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

በመጀመሪያ ደረጃ ቅደም ተከተሉን እንይ። ብራዚል የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን ፕሮግራም በሀገር ደረጃ የጀመረችው በ1991፣ የቤተሰብ ጤና ቡድኖችን ያቋቋመችው በ1994 ሲሆን፣ ቦልሳ ፋሚሊያ የመጣው ከዚያ በኋላ በ2003 ነው። ማለትም ገንዘቡ ሲመጣ ቤተሰቡን ለዓመታት የምታውቅ ሠራተኛ፣ ከኋላዋም ነርስና ሐኪም፣ ከእነርሱም ኋላ በነጻ የሚያክም የጤና ሥርዓት ነበረ። እናቲቱ «ክትትል አድርጊ» ስትባል ክትትሉ በእርግጥ አለ። አገልግሎቱ በሌለበት ግዴታ መጣል ግን እንዲያው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን የሚወስነው ሌላ አካል ነው። ቤተሰቦች የሚመዘገቡት በማዘጋጃ ቤቱ የማኅበራዊ ድጋፍ ክፍል በኩል፣ በአንድ ወጥ መዝገብ ነው፤ ክፍያው በባንክ ካርድ ለእናቲቱ በቀጥታ ይደርሳል። የጤና ቡድኑ የሚያደርገው በዓመት ሁለት ጊዜ የልጆቹን ክትባትና እድገት፣ የነፍሰ ጡሮችንም ክትትል መረጃ ማስገባት ነው።

ሦስተኛውንና ብዙዎች የሚስቱትን ልንገራችሁ። ግዴታው ሳይፈጸም ሲቀር ክፍያው በአንድ ጊዜ አይሰረዝም። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ማዘግየት፣ ቀጥሎ ለጊዜው ማገድ እያለ ይሄዳል፤ ስረዛ የመጨረሻው ነው። ከዚያም በላይ፣ ቤተሰቡ ግዴታውን አለመወጣቱ ችግር እንደገጠመው ምልክት ተደርጎ ተወስዶ የማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ እንዲጎበኘው መደረግ እንዳለበት በመመሪያው ሰፍሯል፤ ቤተሰቡ በዚህ ክትትል ሥር እያለ ቅጣቱ ሊቆም ይችላል። በእርግጥ ይህ በየማዘጋጃ ቤቱ እኩል አይሠራም፤ ባለሙያ ባነሰበት ማስጠንቀቂያው ይደርሳል እንጂ ጎብኚው አይደርስም።

ስለዚህ ውጤቱ ያማረው በቅጣቱ ብርታት ነው የሚለው መደምደሚያ ከማስረጃው አይወጣም። ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት ፕሮግራሙን በጠቅላላው ነው የመዘነው፤ የገንዘቡን ድርሻ ከግዴታው ድርሻ ለይቶ አላሳየም።

ጥሬ ሐቅ

የነርሷን እርማት ተቀብያለሁ፤ ሐኪም በሌለበት ገንዘቡ ብቻውን ይህን ያህል አይሄድም። ያም ሆኖ ያነሣሁት የወጪ ጥያቄ አልተመለሰም። ሠራተኛዋ ከዚህ በፊት የያዘችው ሥራ ሳያንሳት ምዝገባ፣ ማረጋገጫና ሪፖርት ሲጨመርባት ከየት አምጥታ ትሠራዋለች?

ከደጅ እስከ ደጅ

ይህን ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል፤ ቀኑን ልቁጠርልዎት። እኔ የያዝኩት ሁለት መቶ ያህል ቤት ነበር። በቀን ስምንት ቤት ብዳረስ፣ የስብሰባውና የሪፖርቱ ቀን ተቀንሶ፣ ሁሉን ለመዞር ከአንድ ወር ያልፈኛል። የክፍያው ማረጋገጫ ከመጣ በኋላ እያንዳንዱ ጉብኝት በቅጽ ተሞልቶ፣ አስፈርሞ፣ በወሩ መጨረሻ ተደምሮ መቅረብ ነበረበት። ከዚያ ወዲያ በቀን የምደርስባቸው ቤቶች አምስት ሆኑ። የቀሩት ሦስቱ ቤቶች ድጋፍ የማያገኙት ናቸው፤ ያረጁ፣ ሳንባ ነቀርሳ የሚታከሙ፣ ልጃቸው ሁለት ዓመት ያለፈው። ማንም እነርሱን ተዪ አላለኝም። ሪፖርት ስለማይጠየቅባቸው ብቻ እየተተዉ ሄዱ።

ስለ ራሳችን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለማማረር ሳይሆን ረቂቁ ላይ እንዲገባ። በፕሮግራሙ መጀመሪያ ዓመት እኔ ራሴ የስምንት ወር ልጅ ነበረኝ። ክፍያችን ወርሃዊ የትራንስፖርት አበል ብቻ ነበር። በገቢ መመዘኛው ብለካ ከመዘገብኳቸው እናቶች ከግማሽ የሚበልጡትን በድህነት አስከትላለሁ፤ ነገር ግን የፕሮግራሙ ሠራተኛ ተጠቃሚ መሆን አትችልም የሚል አንቀጽ ነበር። በሠራተኛነት እንዳልቆጠር በጎ ፈቃደኛ ነሽ ተባልኩ፤ በተጠቃሚነት እንዳልቆጠር ደግሞ ሠራተኛ ነሽ ተባልኩ። ይህን አንቀጽ የጻፈው ሰው አድልዎን ለመከላከል አስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ደመወዝ ቢኖረን ኖሮ አንቀጹ ትክክል ይሆን ነበር።

አንቀጽ

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሕግ ሰው እጅግ ግልጽ የሆነ ስህተት ነው። ከተጠቃሚነት የሚያስወጣው ሠራተኛ መሆን ከሆነ፣ ሠራተኛ መሆንን የሚያጸናው ውልና ደመወዝ አብሮ መኖር አለበት።

ጡረተኛ ነርስ

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማሳየት የኢትዮጵያን አሠራር ልጥቀስ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴት ሠራተኞችን መድቧል። ከጎኑ በ2005 የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ መሥራት የሚችል ሰው ድጋፉን የሚያገኘው በሕዝባዊ ሥራ ጉልበቱን አውጥቶ ነው። በ2015 በተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራው ወጥተው፣ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ የሚዛወሩበት አሠራር ተዘረጋ። እርግዝናዋን አረጋግጣ ለዝውውሩ መንገድ የምትከፍትላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። እናቲቱ ክትትል እንድታደርግ፣ ልጇን እንድታስከትብ፣ ትምህርት ላይ እንድትገኝ ይጠበቅባታል፤ ነገር ግን ባታደርገው ክፍያው እንዲነጠቅ አልተደነገገም፤ ለምን እንደቀረች ተጠይቆ እንድትታገዝ ነው የታሰበው።

በዚህ አሠራር የጤና ሠራተኛዋ ቃል የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። «ይህች ሴት ነፍሰ ጡር ናት» ስትል እናቲቱ ከከባድ ሥራ ታርፋለች፣ ክፍያዋም ይቀጥላል። «ይህች ሴት ቀርታለች» ስትል ግን ሌላ ጉብኝት ይመጣል እንጂ ገንዘብ አይቀነስም። አፈጻጸሙ ሁልጊዜ እንደ ወረቀቱ ነው አልልም፤ ዝውውሩ ሳይፈጸም ወራት ያለፈባቸው እናቶች እንደነበሩ ይታወቃል። የአሠራሩ አቅጣጫ ግን ሚዛን ለሚጽፉት ረቂቅ የሚሆን ይመስለኛል።

ሚዛን

አሁን ጠራልኝ። ማስታወሻዬን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፤ ታርሙኝ ዘንድ አቀርባለሁ። ጤና ሠራተኛዋ እርግዝናን ታሳውቃለች፤ እናቲቱም በዚያ ብቻ ትመዘገባለች። እናቲቱ ከፈለገች በሠራተኛዋ በኩል ሳታልፍ ጤና ተቋም ወይም ቢሮ ሄዳ መመዝገብ ትችላለች፤ ከሠራተኛዋ ጋር ያልተስማማች ሴት እንዳትቀር ነው። ክፍያው በሌላ አካል በኩል በየወሩ ይሄዳል፤ የሚቆመው ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወይም ቤተሰቡ አካባቢውን ሲለቅ ብቻ ነው። ቅሬታ የሚሰማው ከሁለቱም ውጭ ያለ ሰው ይሆናል። ሠራተኛዋ ውልና ደመወዝ ይኖራታል፤ ከምዝገባ ቁጥር ጋር የተያያዘ ማበረታቻ አይኖርም።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ክትትል የቀረባትን እናት ማወቅ አሁንም ያስፈልገናል፤ ያለዚያ እንዴት እናግዛታለን? ቅጹ ሲመለስ ደግሞ ነገሩ እንደገና ቁጥጥር እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የመዝገብ ቤት ሰው

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ የሠራሁት እንዲህ ያሉ ቅጾች ከመስክ ሲመጡ ወደ ኮምፒዩተር በሚገቡበት ክፍል ነው። ቅጹ ሁለት ሳጥን ነበረው፤ «ተፈጽሟል» እና «አልተፈጸመም»። አንዳንድ ሠራተኞች ግን ከወረቀቱ ጀርባ ይጽፉ ነበር። «ጤና ጣቢያው በዚያ ቀን ክትባት አልነበረውም»፣ «ሌላኛው ልጅ ታሞ ተኝቷል»፣ «ባሏ ካርዱን ወስዶታል»። እነዚህን የማስገባበት ቦታ በሥርዓቱ ውስጥ አልነበረም። ለአለቃዬ ሳሳይ «ሳጥኑን ብቻ አስገባ» ተባልኩ፤ አስገባሁም። ክትባት ያጣው ጤና ጣቢያም፣ ካርዱን የወሰደው ባልም፣ በመዝገቡ ላይ ሁሉም «አልተፈጸመም» ሆነው ቀሩ፤ ክፍያ የተቀነሰባቸው ግን እናቶቹ ናቸው።

ስለዚህ ለሚዛን የምመክረው ይህ ነው። ሁለቱ ሳጥኖች ይቅሩ። በምትካቸው «ምን እንቅፋት ሆነ?» የሚል አንድ ጥያቄና መልሱን ለመጻፍ የሚበቃ ቦታ ይኑር። ያም መረጃ ከክፍያው መዝገብ ጋር በፍጹም አይገናኝ፤ በተለየ ፋይል ይቀመጥ፤ ከፋዩ ክፍል የሚያየው የእናቲቱን መለያ ቁጥርና ልጁ ሁለት ዓመት የሚሞላበትን ቀን ብቻ ይሁን። ሁለቱን የሚያገናኝ ቁልፍ በሥርዓቱ ውስጥ ካለ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ይጠቀምበታል።

ከደጅ እስከ ደጅ

ከጀርባ ይጽፉ ከነበሩት አንዷ እኔ ነኝ፤ በእርስዎ ክፍል ይሁን በሌላ አላውቅም እንጂ። የሚያነበው ሰው እንዳለ አስብ ነበር።

ሚዛን፣ በረቂቁ ላይ አንድ ነገር ይጨምሩ። የተጻፈውን ማን እንደሚያነበውና በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ በስም ሳይሆን በኃላፊነት ይጻፍ። ክትባት ያጣው ጤና ጣቢያ ከሆነ መልሱ ለጤና ጣቢያው ይሂድ፤ ካርዱን የወሰደው ባል ከሆነ ጉዳዩ በዚህ ለሠለጠነ ሰው ይድረስ እንጂ እኔ ብቻዬን ደጃፉ ላይ ቆሜ እንድጋፈጠው አይደረግ።

ሚዛን

ሁለቱንም ጽፌያለሁ። የመልሱን ጊዜ አሥራ አራት ቀን ብዬዋለሁ፤ ልጁ መክሳቱ ከተገለጸ ግን በዚያው ቀን። ረቂቁ ሲያልቅ ስም የሌለበትን ቅጂ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ከደጅ እስከ ደጅ፣ ቅጹን ከማሳተማችን በፊት በአንድ ቀን ስንት ቤት እንደሚያስቀርብዎት ቆጥረው ቢነግሩኝ እወዳለሁ።